ጡረታ የወጡ ባለ እጅ አባት ክበባችንን ሊያግዙ መጥተዋል፤ ከየትኛው ኮምፒውተር ያስጀምሩ? (አዳማ)

የክበብ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ላለ አንድ የወጣቶች ኮምፒውተር ክበብ ያገለገሉ 10 ዴስክቶፖች ተለግሰዋል። አብዛኞቹ ኢንቴል ኮር አይ 3 እና አይ 5፣ 3ኛና 4ኛ ትውልድ፣ ባለ 4 ጊጋ ራምና ባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ናቸው። 5ቱ ይነሳሉ፤ ግን በተከፈቱ ቁጥር ቀናቸው ወደ ኋላ ተመልሶ ብሮውዘሩ ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል። 2ቱ ጭጭ ብለዋል። አንዱ ይነሳና 2 ሰከንድ ሳይሞላ ይጠፋል። የቀሩት 2ቱ ፋናቸው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቆዩም ድርግም ይላሉ። በዚህ ላይ ኬዛቸው ሲነካ የሚነዝሩ አሉ።

ደግነቱ፣ ጡረታ የወጡ አንድ አባት በነጻ ሊያግዙን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ። ሬዲዮ፣ ቴፕና የስልክ ቀፎ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ሶልደር እጃቸው ላይ ነው፣ ማልቲሜትር ያነባሉ፤ የኮምፒውተር ቦርድ ግን ብዙም አልነኩም። ከየትኛው ያስጀምሩ? ምን መሣሪያ እንግዛላቸው? ምንስ ባይነኩ ይሻላል?

ቦርድ ጠጋኝ

ከኮምፒውተሩ በፊት ከግድግዳው ያስጀምሩ። ይነዝራል ያላችሁት ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚመጥነው ሳጥን) መግቢያ ላይ ረብሻ የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚይዙ ዕቃዎች) አሉ፤ አንዱ ከፌዝ (መብራት ከሚያመጣው ሽቦ)፣ ሌላው ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ ኬዙ የታሰሩ። የምድር መስመር ካለ በእነሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ከረንት ወደ መሬት ትወርዳለች። ከሌለ ኬዙ በሁለቱ መሀል ተንጠልጥሎ ይቀርና ሲለካ ወደ 110 ቮልት ያሳያል። ከረንቷ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊአምፔር ስለማትበልጥ ነዝራ ትተዋለች እንጂ አትገድልም። ነገር ግን የሞኒተር ገመድ ወይም ፕሪንተር ሲሰካ ፖርት ልታቃጥል ትችላለች።

ማልቲሜትሩን ኤሲ ላይ፣ ከ250 ቮልት በላይ በሚለካው ቦታ አድርገው ሶኬቱ ላይ ሦስት ንባብ ይውሰዱ፦ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከምድር፣ ኒውትራል ከምድር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 220 አካባቢ ተቀራራቢ፣ ሦስተኛው ከ2 ወይም 3 ቮልት የማይበልጥ ከሆነ ደህና ነው። ፌዝ ከምድር 70፣ 130 እያለ የሚዋልል ከሆነ የሶኬቱ ምድር ለጌጥ የተቀመጠ ነው።

ቀጥሎ ቀን የሚጠፋባቸው 5ቱ። ይሄ የሳንቲም ባትሪዋ፣ የሲአር 2032፣ ጉዳይ ነው። ስፒናውን ከግድግዳ ነቅሎ፣ ባትሪዋን አውጥቶ መለካት ነው፤ ከ2.7 ቮልት በታች ከሆነች ትጣል። አዲስ ስትገዙም ሱቁ ላይ አስለኩ፤ ከ3 ቮልት በታች ካነበበች መደርደሪያ ላይ ያረጀች ናት። ብሮውዘሩ እምቢ የሚለው የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ስላለው ነው፤ ኮምፒውተሩ እ.ኤ.አ. 2012 ላይ ነኝ ካለ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተወለደ ይመስለዋል። ባትሪ ከተቀየረ በኋላ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ገብቶ ቀኑን ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ የሳታ ሞዱንም (ቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን ቅንብር) ማየት ነው። ባትሪዋ ስትሞት ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ስለሚመለስ፣ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ የሚዞሩ ሞዴሎች አሉ። ያኔ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና ሰው "ሃርድ ዲስኩ ሞቷል" ብሎ ይጥለዋል።

ጭጭ ያሉት ላይ ስፒና ከመሰካቱ በፊት ከኋላ ቀይ ማብሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን እዩ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ መብራት ከተሰካ በአንድ ጩኸት ያልቃል። ከዚያ ባለ 24 ፒኑ ማያያዣ ላይ በዲሲ ይለካ። ሐምራዊው ገመድ ኮምፒውተሩ ሳይነሳም 5 ቮልት መስጠት አለበት። ሰፕላዩ ከቦርዱ ተነቅሎ አረንጓዴው ከማንኛውም ጥቁር ጋር በሽቦ ሲገናኝ ፋኑ መዞር አለበት፤ ያኔ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 መሀል ይሁን። ሲለካ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ወይም ፋን ይታሰርበት፤ ባዶውን ደህና የሚያነብ ሸክም ሲያገኝ የሚወድቅ ብዙ ነው።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። ባለ መስቀል ካቻቢቴ ቁጥር 2 እና ቁጥር 1፣ ሙቀቱ የሚስተካከል የሶልደር ብረት፣ 60/40 (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ) የሆነ ቀጭን ሶልደር፣ ሶልደር መምጠጫ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ አንድ ቱቦ ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ ባለ መብራት ማጉያ መነጽር። የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ዕድሜ እጅን ሳይነካ ዓይንን ይነካል፣ የቦርድ ጽሑፍ ደግሞ ከጤፍ ያነሰ ነው።

የመብራት ሰው

ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ አንድ አደገኛ ነገር ልጨምር። ምድር የለም ሲባል ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከምድሩ ጋር በአጭር ሽቦ የሚያስሩ ሠራተኞች አሉ። መነዘሩ ወዲያው ስለሚጠፋ የተፈታ ይመስላል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከመስመሩ ላይ ቢላቀቅ ግን በዚያ ሽቦ በኩል 10ሩም ኬዝ ሙሉ 220 ቮልት ይለብሳል፤ ልጆች የሚነኩት ብረት ነው። ትክክለኛው መንገድ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የምድር ዘንግ ቀብሮ፣ በተለየ ሽቦ ወደ ማከፋፈያ ሳጥኑ አምጥቶ፣ ከዚያ ለየሶኬቱ ማዳረስ ነው። አባታችን ይለኩ፣ ያረጋግጡ፤ የቆጣሪ ሳጥን ግን አይክፈቱ።

ሁለት ጥፍር ብቻ ያለው ስፒና ወይም ርካሽ ዲቫይደር በመሀል ከገባ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ዲቫይደሩን ከፍታችሁ ሦስተኛው መዳብ እውነት ሽቦ እንደታሰረበት እዩ። ብዙዎቹ ውስጥ የለም።

መብራት ሲሄድ የሚጎዳችሁ መሄዱ አይደለም፣ አመጣጡ ነው። የሰፈሩ ፍሪጅና ሞተር ሁሉ በአንዴ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወዛወዛል። ከ10 ስታቢላይዘር አንድ ጥሩ የቮልቴጅ መከላከያ ይበልጣል፦ ከ180 በታችና ከ250 በላይ የሚቆርጥ፣ ከተመለሰም በኋላ 3 ደቂቃ የሚጠብቅ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ለሁሉም አትግዙ። 650 ቪኤ የተጻፈበት በእውነት የሚሸከመው 360 ዋት አካባቢ ነው፤ ውስጡ ያለችው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሁለት ኮምፒውተር ከነሞኒተራቸው 10 ደቂቃ ያህል ብታቆይ ነው። ለመምህሩና ፋይል ለሚቀመጥበት ኮምፒውተር ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር በፍጹም አይሰካባት። ቦታዋም ፀሐይ ከማይመታው ጥግ ይሁን፤ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 በጨመረ ቁጥር የእንዲህ ያለ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። የአዳማን ቀትር እናንተው ታውቁታላችሁ።

የክበብ ጸሐፊ

እግዜር ይስጥልን። በተባለው መሠረት ተለካ። ፌዝ ከኒውትራል 218፣ ፌዝ ከምድር 94፣ ኒውትራል ከምድር 118 አነበበ፤ ኤሌክትሪሺያን ተጠርቷል። 5ቱ ባትሪ ተቀይሮላቸው ቀናቸውን ይዘዋል። ጭጭ ካሉት አንዱ ሐምራዊው ገመድ ላይ ዜሮ ነው። ሁለተኛው 5.08 ይሰጣል፣ ማብሪያው ሲጫን ግን ምንም የለም። 2 ሰከንድ የሚቆየው ሲከፈት ራሙ አጠገብ ጭንቅላታቸው ያበጠ 3 ካፓሲተሮች ተገኙ፤ 1000 ማይክሮፋራድ 6.3 ቮልት ይላሉ። እሳቸው "ይሄማ የኔ ሥራ ነው" ብለዋል። እንፍቀድላቸው?

ቦርድ ጠጋኝ

ይፍቀዱላቸው፣ ግን መጀመሪያ በሞተ ቦርድ ላይ ይለማመዱ። የሬዲዮ ቦርድ አንድ ወይም ሁለት ንጣፍ መዳብ ነው፤ የኮምፒውተር ቦርድ 4 ወይም 6 ንጣፍ አለው፣ የመሀሉ ንጣፍ ሙቀቱን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ሬዲዮ የለመደ እጅ "አልቀለጠም" ብሎ ብረቱን አጥብቆ ይጫናል፣ ያኔ ቀዳዳው ውስጥ ያለው መዳብ ከካፓሲተሩ እግር ጋር ተነቅሎ ይወጣል። ዘዴው ይሄ ነው፦ ብረቱ 360 ወይም 370 ዲግሪ ላይ ይሁን፣ ጫፉ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ይሁን። ፋብሪካው የተጠቀመው እርሳስ የሌለበት ሶልደር በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው። በላዩ ትንሽ 60/40 ሲጨመርበት ተቀላቅሎ ከ190 በታች ይለሰልሳል። ከዚያ አንዱን እግር አሙቆ ካፓሲተሩን በትንሹ ማዘንበል፣ ሌላውን አሙቆ ወደዚህ ማዘንበል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ራሱ ይወጣል። መሳብ የለም። ለቧንቧና ለቆርቆሮ የሚሠራው አሲድ ያለበት ፓስታ ቦርድ ላይ አይድረስ፤ በወራት ውስጥ መስመሩን ይበላዋል።

አዲሱ ካፓሲተር ያው 1000 ማይክሮፋራድ፣ ቮልቴጁ 6.3 ወይም 10፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ፣ ውስጣዊ ተቃውሞው ዝቅተኛ የሆነ ዓይነት ይሁን። 85 ዲግሪ የሚለው የሬዲዮ ካፓሲተር እዚህ ብዙ አይቆይም። ዲያሜትሩን ለኩ፤ 8 ሚሊሜትር በነበረበት 10 አይገባም። አካሉ ላይ ያለው ሰንበር ኔጋቲቩን ያሳያል። ቦርዱ ላይ የተቀባው ግማሽ ክብ ግን እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ስለዚህ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ። ያበጡት 3 ብቻ ቢሆኑም ዕድሜያቸው አንድ ነውና ጎን ለጎን ያሉት ተመሳሳዮች አብረው ይቀየሩ።

5.08 ለሚሰጠው፣ አረንጓዴው ገመድ ላይ ሳይነቀል ይለካ። ሳይጫን ወደ 5 ቮልት የቀረበ ንባብ ይኖረዋል፤ ማብሪያው ሲጫን ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሰፕላዩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ማብሪያው ወይም ቦርዱ ነው። የፊት ማብሪያውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት ማገናኘት ነው። ከተነሳ የሞተው ማብሪያው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ስንቱ ለቁራሌ ተሰጥቷል! አረንጓዴው ወርዶ ሌሎቹ ገመዶች ዝም ካሉ ግን ሰፕላዩ ደክሟል፣ ወይም ቦርዱ ላይ ሾርት አለ።

ዲስክና ሊኑክስ

በካፓሲተሩ ነገር በከፊል ብቻ ነው የምስማማው። ራሙ አጠገብ ያለው ይሁን። ሐምራዊው ዜሮ የሆነውን ፓወር ሰፕላይ ግን ከፍቶ መጠገን የክበብ ሥራ አይደለም። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር መብራት ሲሰካ 310 ቮልት ዲሲ ይይዛል፣ አንዳንዱም እስከ 400፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ሰፕላይ አስመጥታችሁ ቀይሩት። እንዲሁም ማስጠንቀቂያ፦ የአረንጓዴና ጥቁር ሙከራው የሚሠራው መደበኛ ባለ 24 ፒን ለሆነ ብቻ ነው። አንዳንድ የኤችፒና የዴል የቢሮ ሞዴሎች ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የራሳቸው ማያያዣ አላቸው፤ የገመድ ቀለማቸውም ከላይ የተባለውን አይከተልም። መለዋወጫ ሲገዛም ከእነሱ ጋር አይገጥምም።

የቆዩት የኤችፒ የቢሮ ሞዴሎች ደግሞ ሳይነሱ ሲቀሩ ራሳቸው ይናገራሉ። የማብሪያው መብራት በቀይ ብልጭ እያለ ከጩኸቱ ጋር ይቆጠራል፤ 2 ጊዜ ከሆነ የፕሮሰሰር ሙቀት፣ 4 ከሆነ ፓወር፣ 5 ከሆነ ራም ነው። ራም ከሆነ አውጥቶ ወርቃማ ጥርሱን በነጭ ላጲስ ማሸት፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠርጎ ቀጭ እስኪል መመለስ ነው። ብዙ "የሞተ ኮምፒውተር" በዚህ ብቻ ይነሳል።

ወደ ዲስኩ። ማንኛውንም ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት የስማርት ንባቡን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን) እዩ። ቁጥር 05፣ ማለትም የተተኩ ሴክተሮች፣ እና ቁጥር ሲ5፣ ማለትም ለመነበብ ያስቸገሩ፣ ጥሬ ዋጋቸው ዜሮ ይሁን። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ላይ ምንም አታስቀምጡ። ደህና የሆኑትም ቢሆኑ የለገሰው መሥሪያ ቤት ፋይል አለባቸውና ይጥፉ። በሜካኒካል ዲስክ ላይ አንድ ጊዜ ሙሉውን በዜሮ መሙላት ይበቃል፤ 500 ጊጋው በሰከንድ 100 ሜጋ ቢጽፍ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፈጣን ፎርማት ማድረግ ማጥፋት አይደለም።

ገንዘብ ካገኛችሁ መጀመሪያ የሚገዛው ባለ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ፈጣን ዲስክ) ነው፤ ፕሮሰሰር መቀየር እንዳታስቡ። ራሙን ደግሞ ከማይጠገነው ላይ ነቅላችሁ ለሌላው ስጡ፤ ሁሉም ዲዲአር 3 ስለሆኑ 4 እና 4 ተደምሮ 8 ይሆናል። ዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) ስለሚጠይቅ እነዚህን በወጉ አይቀበልም። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ ሚንት 22 በኤክስኤፍሲኢ ገጽታ በ4 ጊጋ ራም ያለ ችግር ይሠራል፤ ድጋፉም እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ነው። አንዱ ላይ አስተካክላችሁ፣ አማርኛ መጻፊያውን በአይባስ ጭናችሁ፣ ሊብሬ ኦፊስና ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚነበበውን የኪዊክስ ዊኪፒዲያ ጨምራችሁ፣ በክሎንዚላ ለቀሩት ገልብጡት። ከተገለበጠ በኋላ የየኮምፒውተሩን ስም መቀየር አትርሱ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶች ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል ኮድ) ስላልሆኑ ሊኑክስ ላይ ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱን አምጥቶ መጫን ወይም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። የክበቡ አባላት የወላጆቻቸውን ማመልከቻ በፍላሽ ይዘው ሲመጡ ይሄ በመጀመሪያው ሳምንት ይገጥማችኋል።

አቧራ ጠራጊ

እንደ ወፍጮ ስለሚጮኹት ማንም አላነሳም። ከተማዋ ዳር የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም፤ ያው ነፋስ አቧራውን ኬዝ ውስጥ ያስገባል። በ3 ወር አንዴ ይከፈት። ጎማ ቤት ያለው ኮምፕረሰር ይቀናል፣ ግን ታንኩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ ወደ ሜዳ ይነፋ፣ ከዚያም ከሩቅ። የፋኑ ክንፍ በጣት ይያዝ፤ በነፋስ ኃይል ከልክ በላይ ከዞረ መቀመጫው ያልቃል። የቤት አቧራ መምጠጫ ማሽን ቦርድ ላይ አታስጠጉ፣ ፕላስቲክ አፉ ስታቲክ ያመነጫል።

ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አውጪ ብረት) ሲነሳ የደረቀው ፔስት በአልኮል ተጠርጎ፣ አዲሱ የአተር ፍሬ ግማሽ ያህል መሀል ላይ ይደረግ። በጣት አይቀባ፤ ሲጫን ራሱ ይሰፋል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም ይሆናል፣ ሲሶው ገደማ ውኃ ነውና እስኪደርቅ ጠብቁ እንጂ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም። ከኢንቴሉ ፋን ጋር የሚመጡት 4 የፕላስቲክ እግሮች ሁሉም ቀጭ ማለታቸውን ከቦርዱ ጀርባ እዩ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የሚጠፋው ኮምፒውተር ከ4ቱ አንዷ ተንጠልጥላ ሊሆን ይችላል። ጩኸቱ ከፋኑ መሀል ከሆነ ተለጣፊው ወረቀት ተነስቶ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይግባበት። የምግብ ዘይት ይሻግታል፣ ከአቧራው ጋርም ሙጫ ይሆናል።

ስለ አባታችን ደግሞ፦ ኬዝ የሚያነሱና ጠረጴዛ ስር የሚገቡ ሁለት ወጣቶች ይመደቡላቸው። ቁጭ ብለው ይሥሩ፣ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ። በአንድ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ የሁለት ኬዝ ብሎን ሲቀላቀል ረጅሙ ብሎን ዲስኩን ይወጋል። በየኬዙ ላይ ካርድ ተለጥፎ ቀኑ፣ የተለካው ቮልት፣ የተቀየረው ዕቃ ይጻፍ። ካርዱን ልጆቹ ይጻፉ እንጂ እሳቸው አይጻፉ፤ እሳቸው ለክተው ሲነግሩ ልጆቹ እየሰሙ ነው የሚማሩት። በእሳቸው መሀል ገብቶ "ጋሼ እኔ ልሞክረው" ማለትም ክልክል ይሁን፣ ቢያንስ ሶልደሩ ትኩስ ሳለ።

የክበብ ጸሐፊ

የፊት ማብሪያው ነበር! ሁለቱ ፒኖች በካቻቢቴ ሲገናኙ ተነሳ። አዲስ ማብሪያ እስክናገኝ ሪሴት የሚለውን ቁልፍ ገመድ አውጥተን ማብሪያው ቦታ ብንሰካው ጉዳት አለው?

ቦርድ ጠጋኝ

የለውም። ሁለቱም ተጭነው የሚመለሱ ተራ ቁልፎች ናቸው፣ ፖላሪቲም የላቸውም። ገመዱ ላይ "ሪሴት ማብሪያ ሆኗል" ብላችሁ ጻፉበት ብቻ።